ስለ ሁለተኛው አምቡላንሳችን፦ ከወይራ አፋፍ ቅሬ ለክቡር ኃላፊው የቀረበ ምስጋና

ለክልላዊ የድንገተኛ ጉዞ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ካለሁበት አቀርባለሁ። ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የሥራ ባልደረቦችዎ፣ በተለይም የቀኝ ትከሻዎ እንደምን ነው? ትከሻዎን ለይቼ መጠየቄ እንግዳ ነገር እንደሚሆንብዎ አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ከታች እደርስበታለሁና እስከዚያው በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በልጉም እንደ ምንም ጥሎልናል፣ ከብቱም ሣር አግኝቷል፤ ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰን መልስ ደግሞ ከዚያ ሁሉ በላይ ደስታ ሰጥቶናል። አንድ ቀበሌ በአንድ ወረቀት ይህን ያህል ሲስቅ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

አዩብ አብዱራህማን እባላለሁ። በገበያ ቀን መካነ ሰላም እየሄድኩ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ቤቴና ትውልዴ ግን ከከተማው በወግዲ በኩል ራቅ ብሎ ባለው በወይራ አፋፍ ነው። የወይራ አፋፍ ቅሬ ዳኛም ነኝ። ቅሬ ማለት እናንተ በከተማ ዕድር የምትሉት ዓይነት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሙት ከመቅበር አልፎ በሽተኛ ይሸከማል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ የወደቀ ጎጆ ያቆማል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ አባት ነኝ፤ ልጄ ፊርደውስ የመጀመሪያ ልጇን ሐምሌ ላይ ትወልዳለች ብለን እንጠብቃለን። ስለዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ጉዳይ ለእኔ የዳኝነት ብቻ አለመሆኑን ከወዲሁ ባስታውቅዎ ደስ ይለኛል።

እንደሚያስታውሱት የአካባቢያችን የክልል ምክር ቤት ተወካይ የተከበሩ ወይዘሮ ምህረት ለመንግሥት አራት ጥያቄዎችን በጽሑፍ አቅርበው ነበር። አራቱም ዞረው ዞረው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የወይራ አፋፍ ሴት ምጥ ሲይዛት መካነ ሰላም ሆስፒታል በምን ትደርሳለች? በቃል ቢጠይቁ በቃል ተመልሶ በዚያው ይቀራል ብለው ነው በጽሑፍ ያደረጉት። ጽሕፈት ቤትዎም ለወራት አስቦበት፣ ማኅተም አሳርፎ፣ በጽሑፍ መለሰ። ወይዘሮ ምህረትም መልሱን ይዘው፣ በአይሱዙ ጋቢና ሲንገጫገጩ መጥተው፣ ወገባቸውን በነጠላ ጠበቅ አድርገው ከዋርካው ሥር ለቅሬው ስብሰባ ጮክ ብለው አነበቡልን። ሲያነቡ አልፎ አልፎ ሳል ይይዛቸው ነበር፤ ሳል ይሁን ሳቅ ለክብራቸው ስንል አላጣራንም። ስብሰባው ካበቃ በኋላ ለእያንዳንዱ መልስ የሚገባው ምስጋና እንዲደርስዎ ቅሬው እኔን ወከለኝ። እነሆ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ለአካባቢያችን ስንት አምቡላንስ እንደተመደበ ለተጠየቀው «ሁለት አምቡላንሶች በአገልግሎት ላይ ይገኛሉ» ብለው መልሰዋል። የመጀመሪያውን እናውቀዋለን፤ እናመሰግናለን። በወረዳው ማዕከል በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጎማዎቹ በነበሩበት ቦታ ድንጋይ ተደርጎለት በክብር ይኖራል። ጎማዎቹ የት እንደሄዱ በትሕትና ብንጠይቅ፣ ለሌላ መኪና በውሰት መሰጠታቸው፣ ያም መኪና ባለሙያዎችን ስለ አምቡላንስ አያያዝ ወደሚሰጥ ሥልጠና እያመላለሰ መሆኑ ተነገረን። ሥልጠናው ሲያበቃ ሁሉም አያያዙን አሳምረው እንደሚያውቁ አንጠራጠርም። እስከዚያው ዶሮዎች ከሥሩ እንቁላል ይጥላሉ፤ ስለዚህ ከአገልግሎት ውጭ ነው ብሎ ማውራት ግፍ ይሆናል።

ሁለተኛው አምቡላንስ ግን ዱብ ዕዳ ሆነብን። ስብሰባው ተንጫጫ። ጎረቤቴ ጋሹ፣ ነገርን በዓይኑ ካላየ የማያምን ሰው፣ ተነሥቶ አምቡላንሱ መንገድ ስቶ ወረኢሉ ገብቶ እንዳይሆን ቶሎ ሰው ይላክ አለ። ወይዘሮ ምህረት ግን ከመልሱ ጋር የተያያዘውን ማብራሪያ ገልጠው ቢያነቡ፣ «በወይራ አፋፍ ቀበሌ የሚገኝ ባህላዊ አምቡላንስ» የሚል ሆኖ ተገኘ። ክቡር ሆይ፣ ይህ የቅሬያችን ቃሬዛ ነው። የአናጢያችን የኪዳን አባት ከወይራ እንጨት አበጅቶት፣ ኪዳን በየዓመቱ ጠፍሩን እያጠበቀ ያቆየው፣ አባቶቻችንን ሁሉ በየተራቸው ያደረሰልን ያው ቃሬዛ። የመንግሥት ንብረት ሆኖ መቆጠሩን ከሰማን ወዲህ እንደ ድሮው አናየውም። ልጆች እንዳይቀመጡበት ከልክለናል፤ ዝናብ እንዳያገኘውም ወደ መስጊዱ አዳራሽ አስገብተነዋል። ታርጋው እስኪላክልን በጉጉት እንጠብቃለን። ስለ ሾፌሮቹም ላሳውቅዎ፤ አንዳቸውም መንጃ ፈቃድ የላቸውም፣ ነዳጃቸው በሶ ነው፣ በዳገት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚናገሩ ጡሩንባ አያስፈልጋቸውም። የቅሬው ሽማግሌዎች ለዓመታዊ ምርመራ ቃሬዛውን የት ማቅረብ እንዳለባቸው ጠይቅልን ብለውኛል።

ሁለተኛ፤ ወላድ ስታጋጥም በነጻ የጥሪ ቁጥር መደወል እንደሚቻል ገልጸዋል። እውነት ነው፤ ይቻላል። በእኛ በኩል ኔትወርክ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ባሏ፣ ልጇ ወይም እህቷ ዓረብ አገር ያለባት ሴት ሁሉ ጠዋትና ማታ ስልኳን ይዛ ትሰለፋለች። ያም ሆኖ ሕግ አለን፤ ለምጥ የሚደውል ሰው ተራ አይጠብቅም። የሚከብደው ስልኩ ከተነሣ በኋላ ነው። በጣም ትሑት የሆነች ልጅ ታነሣና ስለ ደወላችሁ ታመሰግናለች፤ ቀጥላም የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ትጠይቃለች። ባለቤቴ ዘሊካ ባለፈው በጋ ለጎረቤታችን ለሩቂያ ምጥ ደውላ፣ ቤቱ ከዋርካው ወረድ ብሎ የየሻለምን የጎመን ማሳ እንዳለፉ ነጭ ውሻ የታሰረበት መሆኑን ብታስረዳት፣ ልጅቱ ከአስፋልቱ በቀኝ ነው ወይስ በግራ ብላ ጠየቀቻት። ዘሊካ አስፋልት የሚባለው ከዚህ በጣም ሩቅ መሆኑን ብትነግራት ደግሞ ያን ያህል ሩቅ ከሆነ ምናልባት ሌላ ዞን ትሆናላችሁና ወደዚያ ደውሉ ተባለች። ነጩ ውሻ ከዚያ ወዲህ ሞቷል። አድራሻችን በዚሁ መሠረት መቀየሩን በመዝገብዎ እንዲያስተካክሉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ መንገዱ «በዕቅድ ተይዟል» ብለዋል። በዚህ ላይ ቅሬታ የለንም። በአገራችን እንደዚህ መንገድ በጥንቃቄ የተያዘ ነገር የለም፤ እኔ ልጅ ሳለሁ የተያዘ ነው፣ እስከ ዛሬ አንድ ጠጠር አልጎደለበትም። ደግነቱ በበጋ መኪና ከመካነ ሰላም እስከ ዳገቱ ሥር እንደምንም ይደርሳል። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፤ መጥተዋልና።

አራተኛ፤ ወደ ትከሻዎ ደርሻለሁ።

ወይዘሮ ምህረት ባለፈው በጋ በሰው ሸክም ወደ ሆስፒታል የተጓዘች ወላድ መኖሯን አለመኖሯን ጠይቀው ነበር። የእርስዎን መልስ ቃል በቃል እጠቅሰዋለሁ፤ በወይራ አፋፍ በቃሉ ያልያዘው ሰው የለምና። «ኃላፊው በአካል ተገኝተው ባደረጉት ጉብኝት በሰው ሸክም የምትጓዝ ወላድ አላጋጠመቻቸውም። ይልቁንም በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ተገኝተው ሐዘንተኞችን አጽናንተዋል፤ የሕዝቡን የመረዳዳት ባህልም አድንቀዋል።»

ይህ ሲነበብ ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ ከሴቶቹ መካከል ልጇን አዝላ የተቀመጠችውን ሩቂያን ማየት ጀመረ። ሩቂያም መጀመሪያ አልገባትም ነበር፤ ሲገባት «ኧረ ያ ረቢ፣ እኔን እኮ ነው!» ብላ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ያዘለቻት ልጅ ከእንቅልፏ ነቃች። ክቡር ሆይ፣ የዚያ ቀብር ባለቤት ሩቂያ ናት። እንዴት እንደሆነ እንዲያውቁት ይገባልና ላስረዳዎ።

ሩቂያ የሁዜይፋ ሚስት ናት፤ ሁዜይፋ ሥራው ጅዳ ነው። ምጡ የያዛት በመካነ ሰላም የገበያ ቀን ማለዳ ሲሆን፣ ዘሊካ ስለ ነጩ ውሻ የተነጋገረችውም ያኔ ነው። ጥሪው በዚህ ሁኔታ ስለተጠናቀቀ ሁለተኛውን አምቡላንስ አወጣን። በእኛ አገር ሴት በምጥ ላይ ሆና ስትጓዝ የመንገደኛ ዓይን እንዳያርፍባት ከራስ እስከ እግሯ በጋቢ ትሸፈናለች። ቃሬዛው ደግሞ ሙትም ሕያውም የሚሸከም ስለሆነ፣ በሕይወት ያለ ሰው ሲተኛበት ከፊት በኩል ለምለም ቅጠል ይታሰርበታል። ቅጠሉን ያየ መንገደኛ አፊያ ያድርግልሽ ብሎ ዳር ይይዛል። ቅጠል ካላየ ግን ቀብር ነው ብሎ የያዘውን ጥሎ ይከተላል፣ ትከሻውንም ያገባል፤ ከበቅሎም ከመኪናም ይወርዳል። ይህ ከማንም መሥሪያ ቤት የወጣ መመሪያ ባይሆንም የማያከብረው ሰው የለም።

እኛም የወይራ ቅጠል በደንብ አስረን ነው የተነሣነው። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ተሸካሚዎቹ ሊቀያየሩ ቃሬዛውን አሳረፉት፤ አጠገባችን ወደ ገበያ የሚነዱ ፍየሎች ነበሩ። ውሃ ጠጥተን፣ ሩቂያንም አብሽሪ፣ አይዞሽ ብለን፣ ቢስሚላህ ብለን አነሣናት። ከፍየሎቹ አንዷ ቅጠሉን እስከ ገመዱ በልታው እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለማስቆም የሚችል ሰው አልነበረም። ወደ ገበያ የሚሄደውም ከገበያ የሚመለሰውም ሸክሙን እያወረደ ገባ። አንድ ቄስ ጥላቸውን አጥፈው ገቡ፤ አንድ ሼኽ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ገቡ። በለጡ የምትባል ዶሮ ልትሸጥ የወጣች ሴት ዶሮዋን ለሰው አስይዛ ሙሾ አወጣች፤ ሟቿ ማን እንደሆነች ስላላወቀች የራሷን አክስት ስም እየጠራች አለቀሰች፣ ሌሎቹም አክስቷን አብረው አለቀሱላት። እኔ አልሞተችም ብዬ ብጮህ ጩኸቴ ከሐዘን ተቆጠረ። ሩቂያ ደግሞ ይህን ያህል ወንድ በተሰበሰበበት ድምፄን አላሰማም ብላ ከጋቢው ሥር ጥርሷን ነክሳለች።

በዚህ መካከል አንድ ነጭ መኪና መጥቶ ከፊታችን ቆመ። አንድ ሰው ወረደ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ኮቱን ለሾፌሩ ሰጠ። ያ ሰው እርስዎ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወውና እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ወድጄዎታለሁ። ስንቱ ባለ መኪና አቧራ እያለበሰን ያልፋል፤ እርስዎ ግን የማያውቋት ሴት ቀብር መስሎዎት እንደ ሰው ወረዱ። ከፊት በቀኝ በኩል ገብተው ከዳገቱ ሥር እስከ ጫፉ ሳይቀየሩ ተሸከሙ። እኔ ከጎንዎ እየተራመድኩ ላስረዳዎ ብዙ ጣርሁ። አልሞተችም ጌታዬ ብልዎት በሌላው እጅዎ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው አይዞዎት አባቴ፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል አሉኝ። ወላሂ ደህና ናት ብዬ ብምልልዎ ደግሞ ዓይንዎ እንባ አቅርሮ አዎን፣ አሁን ያለችበት ቦታ ደህና ነው አሉኝ። መኪናዎ ከሾፌሩ በቀር ማንም ሳይኖርበት፣ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ፣ በታላቅ አክብሮት ከኋላችን ቀስ እያለ ይከተለን ነበር። የመኪናው የኋላ ወንበር ለአንዲት ወላድ ከነአዋላጇ እንደሚበቃ ያን ጊዜ በደንብ አይቻለሁ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ሰዓትዎን ተመልክተው፣ ስብሰባ እንዳለብዎ ነግረውኝ፣ ለቤተሰቡ መጽናናትን ተመኝተው ወደ መኪናዎ ገቡና ቀደሙን። የስብሰባው ርዕስ «የእናቶችን ጉዞ ስለ ማፋጠን» እንደነበረ በኋላ ሰማን።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ሩቂያ መታገሥ አቃታት። ጋቢውን ገልጣ ቁጭ አለችና ማን ነው የሞተው ብላ ጠየቀች። ሼኹ አላሁ አክበር አሉ፤ ቄሱ አማተቡ፤ በለጡ የጀመረችውን ሙሾ ሳትጨርሰው ወደ እልልታ ለወጠችው። አዋላጇ ሱሀይላ ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች ሩቂያን ይዛ ገባች፤ ብዙም ሳይቆይ ሴት ልጅ ተወለደች። ሀዲያ ብለናታል። ለቀብር የመጣው ሰው ዱአ ሳያደርግ አልመለስም ስላለ የዚያን ቀን በመካነ ሰላም የተገነፋው ገንፎ የሠርግ ያህል ነበር።

ለሁዜይፋ ግን ቀኑ እንዲህ አልቀለለትም። ከመንገደኞቹ አንዱ ሙሾውን ሰምቶ በስልክ ነግሮት ኖሮ፣ ሩቂያ ሆስፒታል ሳትደርስ መርዶዋ ጅዳ ደርሷል። ጓደኞቹ ምንጣፍ አንጥፈው ለቅሶ አስቀመጡት። ሲነጋገሩ፣ ሲያጽናኑት፣ እንደገና ሲያለቅሱ ሳለ የሩቂያ የድምፅ መልእክት ደረሰው፤ ምን ያስለቅስሃል አንተ፣ ይልቅስ ለልጅህ ብርድ ልብስ ላክ የሚል ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ሲደውል በእውነት አንቺ ነሽ ሳይል ወሬ አይጀምርም።

አንድ ነገር ግን ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ። ሱሀይላ ያን ቀን ለብቻዬ ጠርታኝ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ የሴትዮዋ ሙሾ እውነት ይሆን ነበር ብላኛለች። ያን ጊዜ ወጥቼ ደጁ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ውጭ ሰው ይስቃል፣ ይበላል፤ እኔ ግን የማስበው የዚያን መኪና የኋላ ወንበር ነበር።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የጻፉት መልስ ሐሰት ነው የሚል ሰው ከመካከላችን ቢነሣ ዝም እናሰኘዋለን። ያዩትን ነው የጻፉት። ወላድ አላጋጠመችዎትም፤ ተሸከሟት እንጂ። ሩቂያ ራሷም ምስጋናዋን እንዳደርስላት አደራ ብላኛለች፤ ከጋቢው ሥር ሆና ማን ማን መሆኑን ባትለይም የፊት ቀኙ ሰው ምንም አላናወጠኝም ትላለች። ለአንድ ኃላፊ ከዚህ የተሻለ ምስክርነት ይገኛል ብዬ አላምንም።

በመልስዎ ማጠቃለያ ላይ ለአካባቢው ሴቶች በጊዜ ወደ ሆስፒታል እንዲሄዱ የሚያስተምር የግንዛቤ ማስጨበጫ ቡድን በመኪና እንደሚላክ ቃል ገብተዋል። እጅግ እናመሰግናለን። ሴቶቻችን በጊዜ መሄድ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ያጡት የሚሄዱበትን ነው። ስለዚህ ቡድኑ ሲመጣ ግንዛቤውን በአጭሩ አስጨብጦ መኪናውን እዚሁ ቢተውልን፣ ባለሙያዎቹን በሁለተኛው አምቡላንስ አሳፍረን እስከ መካነ ሰላም ለማድረስ ቅሬው በሙሉ ድምፅ ወስኗል። በዳገቱ ላይ ጥቂት መነቅነቅ ቢኖርም ከጉዞው የሚያገኙት ግንዛቤ ከፍ ያለ እንደሚሆን አረጋግጣለሁ።

የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው አምቡላንስ ጎማዎች ክረምቱ ሳይገባ ይመለሱ፣ ድንጋዮቹም ወደ ቦታቸው። ይህን ሁሉ በሳቅ የጻፍኩት እኛ ወሎዬዎች ሳቅ ስለሚቀለን ነው። ፊርደውስ ስንት ዓመት በሰው አገር የሰው ልጅ አሳድጋ፣ በሰላም ተመልሳ፣ አግብታ፣ አሁን የራሷን ልትይዝ ነው። ቀኗ ሐምሌ ነው። ሐምሌ ላይ ወንዙ ይሞላል፣ ዳገቱ ያንሸራትታል፣ ትከሻ ያለው ወንድ ሁሉ እርሻ ላይ ይውላል። እናቷ ዘሊካ ቅጠሉ የሚቆረጥበትን የወይራ ዛፍ ከአሁኑ ታየዋለች፤ እኔም እሷን አያለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን ያለ ምንም ጌጥ ነው የምነግርዎ።

የተከበሩ ወይዘሮ ምህረትም አምስተኛ ጥያቄ በጽሑፍ ለማቅረብ እየተዘጋጁ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ ክቡር ኃላፊው በጉብኝታቸው ጊዜ በትከሻቸው ተሸክመዋት የነበረችው ሰው ማን ናት የሚል ነው። መልሱን ከወዲሁ ስላወቁት ወራት እንደማይፈጅብዎ ተስፋ አለን።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ፣ ሹመትዎን እንዲያጸናልዎ፣ ጎማዎን ሁሉ እንዲጠብቅልዎ ሼኹም ቄሱም በየፊናቸው እየለመኑልዎ መሆኑን እየገለጽሁ፣ ከልብ ከመነጨ አክብሮትና ከአንድ ቃሬዛ ሥር ከተገኘ ወንድማማችነት ጋር ደብዳቤዬን እዚህ ላይ አበቃለሁ።

አዩብ አብዱራህማን
የወይራ አፋፍ ቅሬ ዳኛ
እና የሁለተኛው አምቡላንስ ተጠባባቂ የስምሪት ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለተከበሩ ወይዘሮ ምህረት፣ ከምስጋና ጋር
ለመጀመሪያው አምቡላንስ፣ ባለበት
ለፍየሏ፣ በባለቤቷ በኩል

በድጋሚ፦ በቅሬያችን ሕግ አንድ ጊዜ ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር ያገባ ሰው ከተሸካሚዎች ተራ ይገባል፤ ሹም ድሀ አይልም። ስለዚህ እርስዎ የፊት ቀኝ ተሸካሚ ሆነው ተመድበዋል። ቦታው የጋሹ ነበር፤ ጉልበቱ ስላስቸገረው ለእርስዎ በደስታ ለቋል። የሐምሌው ተራ ግን እንዲታለፍልዎ በዳኝነቴ ፈቅጃለሁ። እስከ ዋናው መንገድ እኛ እናደርሳታለን። እዚያ ቆመው ከፊቱ ለምለም የወይራ ቅጠል የታሰረበት ቃሬዛ ሲመጣ ካዩ፣ ዘንድሮ ቅጠሉን ከፍየል የምትጠብቀው ዘሊካ ራሷ ናትና አይጠራጠሩ፤ በላዩ የተኛችው ሕያው ናት፣ ልጄም ናት። አይሸከሟት፤ የመኪናውን በር ይክፈቱላት።